አርባ አንድ ቤት፣ አንድ ሙክት

በ2096 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የድልድሉ ዝርዝር በየቀበሌው ምሰሶ ሲነበብ፣ እንዶድ በር ከመስመሩ በላይ ሆና ተገኘች። ከመስመሩ በታች የዋለ ቀበሌ የልማት ድርሻው ይደርሰዋል። በላይ የዋለ «ደህና ነህ» ተብሎ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ሕጉ ይኸው ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዘንድሮው ጉድ ግን ቸኩሎ በግንቦት መጣ። እንዶድ በሮች መጀመሪያ ሳቁ።

«እኛ? እኛ ነን ደህና? ኧረ በጌታ!» አለ ካሳው። ሚስቱን ሎሚን ባለፈው ክረምት ያጣ ሰው ነው፤ ሳቁ ብዙም አልቆየ።

ዘሀራ እብሬ አልሳቀችም። ጣቷን አጥፋ ወር እየቆጠረች ነበር። አንድ ልጅ አለቻት፣ ነጃት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐምሌ መጨረሻ ነሐሴ መባቻ ላይ ትወልዳለች። ጤና ጣቢያው ያለው ከሙጢ ወንዝ ማዶ ነው። ሙጢ በግንቦት ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ነገር ነው፣ ፍየል እንኳ አይፈራውም። በሐምሌ ግን ሌላ ነው። ሎሚን ቃሬዛ ላይ አድርገው ወንዙ ዳር ሰባት ሰዓት ጠበቁ፤ ወንዙ ሲጎድል እሷ አልነበረችም። እንዶድ በር ከድልድሉ የጠበቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ድልድይ። በዚያ ዘመን ድልድይ መዘርጋት ሥራ አልነበረም። ከጸደቀ መኪናው ይመጣል፣ በዘጠኝ ቀን ዘርግቶ ይሄዳል። አስቸጋሪው መጽደቁ ነው።

የሚያጸድቀው ሰው አይደለም። ሰው ከድልድል እጁን ካወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ድሮ ሰው ሲደለድል የማን አገር ልጅ ቀድሞ እንደሚያገኝ ሁሉም ያውቅ ስለነበር፣ ሲቀር ያዘነ አልነበረም። አሁን የሚደለድለው ደልዳይ የሚሉት ማሽን ነው። ደልዳይ በሦስት ዓመት አንዴ ቆጣሪውን ይልካል። ቆጣሪው ድፎ ዳቦ የሚያክል፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ ነገር ነው። ቤት ያለውን ያያል፣ ሁለት ሦስት ነገር ይጠይቃል፣ አመስግኖ ይወጣል። ከዚያ የቀበሌው ደረጃ ይወጣና ምሰሶ ላይ ይበራል።

በደረጃ ያልተነካ ኑሮ አልነበረም። ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ «ስንተኛ ናችሁ?» ይባባላል። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ዘር ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ ደረጃም ይቆጠራል። ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌ ማዶዬ ነው፤ ማዶዬዎች የቆጠራው ወር ሲደርስ ቆርቆሯቸውን ነቅለው ሣር ያለብሱ ነበር። የዚያ ዘመን ጫማ የሄዱበትን ርቀት ቆጥሮ ለደልዳይ ስለሚነግር፣ ልጆቻቸውን ውኃ ቅዱ ብለው በተራራው አዙረው ይልኳቸዋል። የማዶዬ ሕፃን «ምሳ በላህ?» ሲባል መጀመሪያ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚመልሰው። ይህ ነውር አልነበረም፣ ብልህነት ነበር። ማዶዬዎች ሁለት ጊዜ ድርሻ ደርሷቸዋል።

እንዶድ በሮች ግን አንድ ስህተት ሠሩ። ቆጣሪውን «እንግዳው» አሉት።

ስም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሰው ግን እንግዳ ብሎ ከጠራ በኋላ እጁ ዝም ብሎ አይቀመጥለትም። በሚያዝያ ወር እንግዳው መጣ ሲባል ዘሀራ ያሏትን ስድስት የሸክላ ሳህኖች አጥባ ደረደረች። እንግዳው አይቶ፣ ቆጥሮ፣ አመስግኖ ወጣ። ቀጥሎ ያለው ቤት የእማ ዝማም ነው። እማ ዝማም ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ቤታቸው ውስጥ ምን እንዳለ ዘሀራ ታውቃለች፦ ምንም። ለአሮጊቷ አንጀቷ አልቻለም። እንግዳው በፊት ለፊት ሲዞር እሷ ሳህኖቹን በጓሮ አጥር አቀበለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላዘዘም። ሳህኖቹ ከእማ ዝማም ወደ ቀጣዩ ቤት በጓሮ አለፉ። አያ ሙሄ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የእማ ዝማምን ባዶ መደብ አይተው ዝም ማለት ስላልሆነላቸው ቀይ ምንጣፋቸውን ጨመሩበት። ካሳው ሙክቱን ጨመረ። እንግዳው በፊት በር ሲወጣ ምንጣፉ በኋላ በር ይወጣል፤ እንግዳው በአንዱ ደጅ «ልግባ?» ሲል ሙክቱ የሚቀጥለው ቤት ደጃፍ ላይ ታስሮ ሣር ይቀርብለታል። አርባ አንድ ቤት! ሙክቱ የመጨረሻው ቤት ሲደርስ ደክሞት ተኝቶ ነው የተቆጠረው። በዚያ ቀን ደልዳይ አርባ ምንጣፍ፣ አርባ ሙክትና ሁለት መቶ አርባ ስድስት ሳህን መዘገበ። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው አልደነቀውም።

ሊደንቀውም አይችልም። ቆጣሪው ሞኝ ሆኖ አይደለም። የገበና ጥበቃ አዋጅ የሚባል ሕግ አለ፤ በአንዱ ቤት ያየውን ወደ ሌላው ቤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከደጅ ሲወጣ ቤቱን ይረሳዋል፣ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ለድሃ ክብር አስበው ነው የተባለው፣ እውነትም ነው።

ዘሀራ ዝርዝሩ በተነበበ ማግስት ወንዙን ተሻግራ ወረዳ ሄደች። በደልዳዩ መስኮት አጠገብ ናትናኤል የሚባል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሥራው እሱው ነው፤ ባለጉዳይ መስኮቱን እንዳይፈራ አጠገቡ መቀመጥ።

«ምንጣፉ አንድ ነው» አለችው ዘሀራ። «ሙክቱም አንድ ነው። የተዋዋስነው ነው።»

ናትናኤል አፉን በእጁ ሸፈነ። ሳቁን መደበቁ ነበር። «ለቆጣሪ? ለቆጣሪ ምንጣፍ ተዋሳችሁ?»

«እንግዳ ነዋ!»

«እትዬ፣ እኔ አምንሻለሁ። እሱ ግን ቤቶቹን ማስተያየት አይችልም፣ ገበናችሁ ተቆልፏል። መክፈት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ በገዛ አፉ ‹ገበናዬን ፈትቻለሁ› ማለት አለበት። በሠላሳ ቀን ውስጥ።»

«አብዛኛው ይላል።»

«አብዛኛው አይሠራም። አንድ ቤት ከጎደለ፣ ምንጣፉ ሁሉ የዚያ ቤት ሊሆን ይችላል ይልና ይዘጋዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የተፈታ ገበና ደግሞ ተመልሶ አይቆለፍም። ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። ይህን ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው። በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በተደረደሩት ድስቶችና በተጠቀለለው ድንኳን መካከል፣ አርባ አንዱም ቤት ተሰብስቦ ሰማ። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ሳህኑ የዘሀራ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ግን አውቆ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ «የኔ ቤት ባዶ ነው» ብሎ አደባባይ መናገር ሌላ። በመጨረሻ ካሳው ተነሣ።

«ሙክቱ የኔ ነው፣ ከሙክቱ ሌላ ግን ምንም የለኝም» አለ። «ብርድ ልብሴ እንኳ የእህቴ ነው። ይኸው አልኩት። ምን ሆንኩ? አልሞትኩም።»

አያ ሙሄ ሳቁ። ቀጥሎ አንዷ ሴት ስለ ወንበሮቿ ተናገረች፣ ሌላው ስለ ጣሪያው። አንዱ እንዲያውም ሚስቱ እስክትቆጣ ድረስ የሌለውን ሁሉ ቆጠረ። እስከ ምሳ ድረስ አርባ ቤት ተስማማ። የቀሩት እማ ዝማም ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«እኔ ገበናዬን ለብረት አልገልጥም» አሉና ወጡ።

ዘሀራ ተከትላቸው ሄደች። አንድ ቀን ሄደች፣ ሦስት ቀን ሄደች፣ ሁለት ሳምንት ተመላለሰች። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። እማ ዝማም በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጧታል፣ ጨርሳ ስትነሣ «ደህና ዋይ እታለም» ይላሉ፣ አበቃ። በሃያ ስድስተኛው ቀን ዘሀራ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እማ ዝማም፣ ባዶ ቤትዎን እኔ አላውቀውም? ሳህኑን ያቀበልኩዎት እኔ አይደለሁም?»

«ታውቂያለሽ። አንቺ ብታውቂ ገበናዬ አልወጣም፣ አንቺ ሰው ነሽ። ስታዪ እኩል አይተሽ እኩል ትረሺልኛለሽ። እሱ አይረሳም።»

«እሱማ ድልድዩን ይዞታል!»

«ይያዘው። ባሌ ሲሞት በዚህ ቤት መቶ ሰው በልቷል። የነበረኝን ስለሚያውቅ ብቻ ነው ሰው ‹እማ› የሚለኝ። አሁን ‹የዝማም ቤት ባዶ› ተብሎ ምሰሶ ላይ ይብራልኝ? ተይኝ ልጄ።»

ዘሀራ ተነሣች። ያን ጊዜ የተናገረችውን በኋላ ብዙ ቀን ተጸጽታበታለች፤ ለእናት እንዲህ አይባልም። «ገበናዎ ይሸፈን» አለቻቸው። «የነጃት ቃሬዛ ግን በእርስዎ ደጅ ነው የሚያልፈው። ያን ጊዜ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

እማ ዝማም መለሱላት አልመለሱላት አላወቀችም፣ ሮጣ ነው የወጣችው። ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ነጃት «እማዬ ምን ሆንሽ?» ስትላት «ጭስ ነው» አለቻት፤ እሳት አልነበረም።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ቆጣሪው ቃላቸውን ሊቀበል ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ የጓሮ በር ሁሉ ተዘግቶ የፊት በር ሁሉ ተከፍቶ ጠበቀው። ሕዝቡም ከኋላው ተከተለው፣ እንደ ሠርግ አጀብ። «ገበናዬን ፈትቻለሁ» አሉ አያ ሙሄ፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው። «ፈትቻለሁ፣ ሣጥኑም የአማቴ ነው» አለች ሌላዋ። «ይህ ወንበር እግሩ ሰባራ ነው፣ እዩት፣ እዩት!» አለ አንዱ፣ ባልተጠየቀው። ዘሀራ ከሁሉም ኋላ ነጃትን ክንዷን ይዛ ትሄዳለች። አርባ ቤት አለቀ። ዘሀራ የቀረውን በር ላለማየት መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ልግባ?» አለ ቆጣሪው።

«ግባ» አሉ እማ ዝማም።

በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነበር፤ አንድ ቁርበት፣ አንድ ማሰሮ፣ እንዝርት። እማ ዝማም መሀል ቤት ቆመዋል። «ባለፈው እንግዳ ነህ ብዬ ተቀበልኩህ። ዛሬ ግን ዳኛ ነህ። ለዳኛ አይነጠፍም። ገበናዬን ፈትቻለሁ፣ ያለኝ ይህ ነው፣ እይ።»

ዘሀራ ወደ ፊት ተራመደች። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ዳዳት፣ ነጃት ያዘቻት።

ቆጣሪው ባለበት ተንሳፍፎ ቆየ። አርባ አንዱን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ እያየ ነበር። «ምንጣፍ፣ አንድ» አለ። «ሙክት፣ አንድ። ሳህን፣ ስድስት።» ደጅ የቆመው ሕዝብ እልል አለ። አያ ሙሄ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቆጣሪው ግን አልጨረሰም ነበር።

«የመዋዋስ አቅም፣ እጅግ ከፍተኛ» አለ በዚያው ጨዋ ድምፁ። «በመዋዋስ የሚገኝ ዕቃ እንዳለ ይቆጠራል። መዋዋስ ሀብት ነው። እንዶድ በር ከመስመሩ በላይ ትቆያለች። አመሰግናለሁ።»

እልልታው አፍ ላይ ቀረ። ነገሩ ሐሰት ቢሆን መሟገት ይቻል ነበር፤ ክፋቱ እውነት መሆኑ ነው። ዘሀራ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ገበናቸውን ሁሉ አውጥተው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ነጃት ሆዷን ይዛ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች። «አብሽሪ እማዬ» አለች፣ ድምፅዋ ግን ለራሷም አልበቃ።

«ቆይ!» አሉ እማ ዝማም።

ቆጣሪው ደፉ ላይ ቆመ። የቤቱ ባለቤት እየተናገረ መውጣት አይፈቀድለትም፤ ይህም በሕጉ ያለ ነው።

«ያልከው ልክ ነው፣ እኛ መዋዋስ እናውቅበታለን» አሉ አሮጊቷ። «ሎሚ የምትባል ልጅ ነበረችን፣ የካሳው ሚስት። ሐምሌ ላይ ምጥ ያዛት። ወንዙ ዳር ወሰድናት፣ ወንዙ ሞልቷል። እኔ ራሷን ይዤ ነበር። አርባ አንዱም ቤት እዚያ ነበርን። አያ ሙሄ ምንጣፋቸውን አመጡ፣ ዘሀራ ብርድ ልብስ አመጣች፣ ያለን ሁሉ መጣላት። ሰባት ሰዓት ሙሉ ያልተዋስንላት ነገር የለም። የሚያሻግራት ግን በማናችንም ቤት አልነበረም።» እጃቸውን ወደ ወንዙ ዘረጉ። «ምንጣፍ ተዋስን። ሳህን ተዋስን። ድልድይ ከማን እንዋስ?»

ቆጣሪው ዝም አለ።  ከደጅ የካሳው ልቅሶ ብቻ ይሰማል። በኋላ መዝገቡን ያዩ ሰዎች ዝምታው አሥራ አንድ ሰከንድ እንደነበር ተናግረዋል፤ ለደልዳይ አሥራ አንድ ሰከንድ ማለት ለሰው አንድ ክረምት ማለት ነው።

«ጥያቄው ይደገም» አለ።

«ድልድይ ከማን እንዋስ?»

«መልስ የለም» አለ ቆጣሪው። «ከጎረቤት የማይዋሱት፣ አንድ። ተመዝግቧል።» አመስግኖ ወጣ።

ሁለት ቀን ማንም ሰው በደህና አልበላም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምሰሶው ላይ አዲስ ቁጥር በራ፤ እንዶድ በር ከመስመሩ በታች ናት። ካሳው ምሰሶውን አቅፎ ሳመው። መኪናው ሰኔ አራት ላይ መጥቶ ሰኔ አሥራ ሦስት ላይ ሄደ። ማዶዬዎች በዚያኛው ጫፍ ቆመው ሲያዩ ሰነበቱ፤ ድልድይ ሁለት ጫፍ ስላለው እነሱንም ደረሳቸው፣ ቆርቆሯቸውን ሳይነቅሉ።

ነጃት ሐምሌ ሃያ ሰባት ቀን፣ ሙጢ ግንድ እያንከባለለ በሚወርድበት ቀን፣ በእግሯ ተሻገረች። መሀል ላይ ቆማ ትንፋሽ ወሰደች፤ ዘሀራ «ቀጥዪ፣ አትቁሚ!» ብላ ስትጮህ «ኧረ አቦ ተይኝ፣ ውኃውን ልይበት» አለቻት። ሴት ልጅ ወለደች። ዘሀራ ከጤና ጣቢያው ስትመለስ በቀጥታ እማ ዝማም ቤት ገባችና ያን ቀን ስላለችው ይቅርታ ጠየቀች። እማ ዝማም «የምን ይቅርታ? ባትቆጪኝ እዚያው እፈትል ነበር» አሏት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አንድ ቀበሌ አንድ ድልድይ አገኘ ተብሎ ይረሳ ነበር። በተከታዩ ቆጠራ ግን፣ በ2099 ሚያዝያ፣ ቆጣሪዎቹ በአገሩ ሁሉ ሲሰማሩ፣ ከሚጠይቁት መጨረሻ ላይ ማንም ሰው ሰምቶት የማያውቅ ጥያቄ ተጨመረ፦ «ከጎረቤትዎ ሊዋሱት የማይችሉት ምንድን ነው?» በረሃው ላይ ሰዎች ሐኪም አሉ። ደጋ ላይ መንገድ አሉ። አንድ ቦታ ሽማግሌዎች ተመካክረው ዝናብ አሉ፤ እሱም ተመዘገበ ይባላል። ማዶዬ ላይ አንድ ሕፃን ዙሪያውን ሳያይ «አስተማሪ» አለ። የብዙ ቀበሌ ደረጃ ተናወጠ። መስመሩ ራሱ ካለበት ተነሥቶ እንደገና ተሰመረ።

እንዶድ በር ላይ ቆጣሪው መጀመሪያ የገባው እማ ዝማም ቤት ነው። ሰማንያ ዓመታቸው ነበር። ዘሀራ ሦስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበ የልጅ ልጇን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማች። ቆጣሪው ያለውን አየ፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀ፣ ከዚያ አዲሱን ጥያቄ ጠየቀ።

እማ ዝማም እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ቁጭ በል» አሉት። «ረጅም ነው።»